የፋብሪካ አተላና የቤት ግድግዳ

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት አተላውን ለከብት ይሰጣል። ፋብሪካም የራሱ አተላ አለው፤ ይህኛው ግን ብዙውን ጊዜ የሚደፋው ወንዝ ዳር ወይም ሜዳ ላይ ነው። «መርዛማውን ዝቃጭ ከሲሚንቶ ጋር ለውሰን ብሎኬት ብንሠራበት ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይቃለላል» የሚል ሐሳብ በልዩ ልዩ አገሮች ይሰማል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም መርዝን ማሰርና መርዝን መደበቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

በመልካም ምሳሌነት ሊጠቀስ የሚችለው የድንጋይ ከሰል አመድ ነው። በአሜሪካ፣ በሞንታና ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ተሠርቶ ባለቀው የሀንግሪ ሆርስ ግድብ አርማታ ውስጥ ከ100 ሺህ ቶን በላይ አመድ ገብቷል። አመዱ የገባው ቦታ ታጥቶለት አይደለም፤ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ከሚያወጣው ኖራ ጋር ተጣምሮ አርማታውን ስለሚያጠነክረው ነው። በዚያው አገር በቴኔሲ ግዛት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የአመድ ማጠራቀሚያ ተደርምሶ ብዙ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጭቃ በመሬትና በወንዝ ላይ ፈሰሰ። እንዲህ ከሚከማች በሥራ ላይ ቢውል በተሻለ ነበር።

የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ጠባዩ ሌላ ነው። በሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች አጠገብ ያለፈ ሰው ሽታውን አይስተውም። ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮም ጨው ስለሆነ ከዝቃጩ ውስጥ ክሮም ይገኛል። ይህ ክሮም እንዳለ ሲቆይ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ አየር ባለበት ምድጃ ሲቃጠል ግን በቀላሉ ወደሚሟሟና ካንሰር ወደሚያመጣ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ይኸው አደገኛ ክሮም በተራ ሲሚንቶ ውስጥ በጥቂቱም ቢገኝ የግንበኞችን እጅ ያቆስላል፤ ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ውስጥ ከ2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ እየታወቀ፣ ዝቃጭን ሳይመረምሩ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ማቡካት በግንበኛው እጅ መቀለድ ነው።

«ብሎኬቱ ጠንካራ ከሆነ ምን ቀረው?» የሚሉ አሉ። ብዙ ነገር ቀርቶታል። ግድግዳ አንድ ቀን ይፈርሳል፤ ፍርስራሹ የመንገድ መሙያ ይሆናል፤ ዝናብም ይወርድበታል። ስለሆነም ብሎኬቱ ተሰባብሮ በውሃ ከተዘፈዘፈ በኋላ ውሃው መመርመር አለበት። ዝቃጩም ከቀን ወደ ቀን ስለሚለያይ አንድ ጊዜ ተመርምሮ የሚተው አይደለም። የምርመራውን ወጪ መክፈል የሚገባውም ዝቃጩን ያወጣው ፋብሪካ እንጂ ብሎኬቱን የሚገዛው ቤት ሠሪ አይደለም።