ለጉግስ ፈረስ፣ ለመንገድ በቅሎ፤ ሞተርስ በምን ይመረጥ?

ድሮ ጎጃም ውስጥ ሩቅ መንገደኛ የሆነ ሰው የሚጋልበውን ሲገዛ መልክ አይቶ ብቻ አይገዛም ነበር። ለጉግስና ለሰርግ ፈረስ፣ ለረጅም መንገድና ለገደል በቅሎ፣ ለጭነት አህያ። በቅሎ ከፈረስ ቀርፋፋ ናት፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሽዋ አይቆረጥም፣ ቁልቁለት ላይ እግሯ አይስትም። ስለዚህ ባላባቱም፣ ቄሱም፣ ነጋዴውም ለሩቅ መንገድ የሚመርጡት እሷኑ ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያሳዩት የፈረስ ጨዋታ ዛሬም ዓይን ይማርካል። ሆኖም የጉግስ ፈረስ ሌላ፣ የመንገድ በቅሎ ሌላ መሆኑን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም።

ሞተር ሳይክል የበቅሎን ቦታ ሲወስድ ይህ እውቀት አብሮ አልተሻገረም። ዛሬ ከጅጋ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ሞተር ሊገዛ የሚነሳ ሰው የሚሰማው ጥያቄ ሁለት ነው፤ «ስንት ብር ነው?» እና «ስንት ይሮጣል?»። የት ይሄዳል፣ ማንን ይጭናል፣ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል የሚሉት የሚመጡት ብሩ ከተከፈለ በኋላ ነው። የብዙ ሰው የአንድ ዓመት የበቆሎና የበርበሬ ሽያጭ የሚፈስስበት፣ አንዳንዴም ሕይወት የሚከፈልበት ምርጫ በዚህ መንገድ መወሰን የለበትም።

ነገሩን ለማየት ጅጋ ላይ የሚሠራ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይታሰብ። ሰኞ ለስብሰባ ፍኖተ ሰላም ይሄዳል፤ መንገዱ አስፋልት ነው። ማክሰኞ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ከኋላ አስሮ ወደ ብር ወንዝ ቆላ ይወርዳል፤ መንገዱ ጠጠር፣ ከዚያ አፈር፣ ከዚያ የከብት መሄጃ ነው። ሐሙስ ወደ ቋሪት ደጋ ሽቅብ ይወጣል። በወር አንዴ ደግሞ ባሕር ዳር ደርሶ ይመለሳል፤ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ብቻ 176 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ጉዳይ ከገጠመው ደግሞ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ግድም፣ መሐሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ይህ ሰው በሌላው ዓለም ቋንቋ «የረጅም ጉዞ ሞተረኛ» ነው፤ ራሱን ግን እንዲህ ብሎ ጠርቶ አያውቅም።

በሌላው ዓለም የረጅም ጉዞ ሞተር በዓይነት በዓይነት ተከፋፍሎ ይሸጣል። ለሰፊ አስፋልት የተሠራው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ስድስት ሲሊንደር፣ 1,833 ሲሲ እና ከ350 ኪሎ በላይ ክብደት አለው፤ የሳሎን ሶፋ መንገድ ላይ ወጣ ማለት ነው። ሌላው ፍጥነትንና ርቀትን ያጣመረው የስፖርት ዓይነት ነው። ሦስተኛው አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም እሄዳለሁ የሚለው ነው። ቢኤምደብሊው ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጀምር «ጂኤስ» ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሁለቱ ፊደላት በጀርመንኛ የዱር መሬትንና ጎዳናን የሚወክሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናይ ዩዋን ማግሪገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ ተነስተው ኢትዮጵያን አቋርጠው ኬፕ ታውን የደረሱት በዚሁ ዘር ሞተር ነበር። የያንዳንዱ ሞተር ክብደት ከ250 ኪሎ በላይ፣ የነዳጅ ታንከሩ 33 ሊትር የሚይዝ፣ ከጀርባም ድጋፍ ሰጪ መኪኖች የሚከተሉት ነበር።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1973 ቴድ ሳይመን የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ዓለምን ሊዞር ከለንደን ተነስቶ አራት ዓመት ተጉዟል፤ ኢትዮጵያንም አልፏል። ለጉዞው ተብሎ የተሠራ ሞተር አልነበረም። የዘመኑ ተራ የመንገድ ሞተር ነበር፤ ሲበላሽ እየተፈታ፣ እየተጠገነ ቀጠለ። ከሁለቱ ጉዞዎች ለጅጋው ባለሙያ የሚቀርበው የሳይመን ነው። ከኋላው የሚከተል መኪና የለውማ!

አሁን ወደ አገራችን ገበያ እንመለስ። ለዚህ ሰው የሚቀርቡለት ሞተሮች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ተራው የመንገድ ሞተር ነው፤ ቦክሰርና የቲቪኤስ እኩዮቹ። ቦክሰርን የሚሠራው ባለ ሦስት እግሩን «ባጃጅ» የሚሠራው የህንድ ኩባንያ ነው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሚሆን ጉልበት አለው፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፣ ዕቃው በየከተማው ይገኛል። ድክመቱ ጎማው ቀጭንና ለአስፋልት የተሠራ፣ ሆዱ ለመሬት የቀረበ፣ አሞርዛተሩ አጭር መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የስፖርት ዓይነቱ ነው፤ ወጣቱ የሚመኘው አፓቺ። ከ160 እስከ 200 ሲሲ የሚደርስ፣ የዲስክ ፍሬን ያለው፣ አስፋልት ላይ ከኋላ የሚመጣን አይሱዙ የማይፈራ ነው። ከቡሬ ባሕር ዳር ብቻ ለሚመላለስ ሰው ደስ ይላል። ነገር ግን ነጂውን ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ያንጠለጥላል፣ ለጭነት ቦታ የለውም። በሐምሌ ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። ያኔ ሞተሩ ሰውን መሸከሙ ይቀርና ሰው ሞተሩን ይጎትታል።

ሦስተኛው የገጠር ሞተር ነው፤ በየግብርናውና በየጤናው ጽሕፈት ቤት ግቢ የምናውቃቸው ያማሃ ኤጂ፣ ያማሃ ዲቲ፣ ሆንዳ ኤክስኤል። ኤጂ የሚለው ስም ራሱ «እርሻ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው፤ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬ ታስቦ የተሠራ ነው። የዕቃ መጫኛው ከፊትም ከኋላም ነው፣ ማቆሚያው በግራም በቀኝም ነው፣ ጎማው ጥርሳም ነው። መንገዱን በተመለከተ ክርክር የለም፤ ይህ በቅሎ ነው። ችግሩ ዋጋውና ዕቃው ነው። አብዛኛው የሚመጣው በፕሮጀክት ስለሆነ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የመለዋወጫው ምንጭም ይደርቃል።

ታዲያ ምርጫው በምን ይፈረድ?

አንደኛው ዳኛ የመጨረሻው 15 ኪሎ ሜትር ነው። ከጅጋ ተነስቶ 160 ኪሎ ሜትር አስፋልት ለመሄድ ማንኛውም ሞተር ይበቃል። ሰው የሚወድቀው፣ ክትባት የሚበላሸው፣ ወላድ የምትዘገየው ከአስፋልቱ ከተወጣ በኋላ ነው። ገጠር ቀበሌዎችን በክረምትም በበጋም በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ጠጠር መንገድ ተሠርቷል፤ ጥገና ያላገኘው ግን ከጥቂት ክረምት በኋላ ጠጠሩ ታጥቦ ድንጋዩና ቦዩ ይቀራል። ሞተሩ መመረጥ ያለበት በዚህ መንገድ፣ በዚያውም በነሐሴ ነው። ሻጩ የሚያስሞክረው ሲሚንቶ በተደረገ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ሁሉም ሞተር ፈረስ ነው።

ከፍታም አለ። ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ፍኖተ ሰላም ከ1,900 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ወደ ጮቄ ትከሻ ሲወጣ ደግሞ ከ2,500 ሜትርም ይታለፋል። እዚያ ላይ 100 ሲሲው ሞተር የወረቀት ጉልበቱን ሩብ ያህል ጥሎ ነው የሚወጣው። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ሲጫንበት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ቢቆም ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። በተቃራኒው የዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮንም ከደጀንም ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚያ ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን አግሎ ይጨርሰዋል፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ የሚያውቅ ይተርፋል።

ሁለተኛው ዳኛ ቅርብ ያለው ጋራዥ ነው። በዚህ ዳኛ ፊት ያ ግሩም የገጠር ሞተር ብዙ ጊዜ ይረታል። ማንም ሰው ወደ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ጓሮ ገብቶ ቢያይ ይህን ይረዳል፤ አንዲት ዕቃ ጠፍታ ዓመት ሙሉ ዝናብ የሚመታው ሞተር ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሶማሊያን የጎበኙ ሰዎች ይህንኑ አይተው ነበር፤ ለጤና ሥራ የተሰጡ፣ በጥቂቱ ተበላሽተው የተጣሉ ሞተሮች ተደርድረው። ከዚያ ጉብኝት የተወለደው «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» በጋምቢያ፣ በሌሶቶና በሌሎችም አገሮች የሠራው ሥራ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። ሞተር መስጠት ግማሽ ሥራ ነው፤ ሳይበላሽ በፊት በቀጠሮ ማየት ሌላው ግማሽ ነው።

ነዳጅም የዚሁ ዳኛ ጉዳይ ነው። ማደያው ሲደርቅ ሰው በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ይገዛል፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ካርቡራተር ያለው ቀላል ሞተር ሲታፈን ማንኛውም መካኒክ ፈትቶ ያጥበዋል። ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጨው አዲሱ ሞተር ግን መመርመሪያ መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያው ደግሞ በየገጠር ከተማው አይገኝም። ቦክሰር 11 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንኳ ከጅጋ ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። ለረጅም መንገድ ከፍጥነት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ሁለቱ ዳኞች ሲጋጩ ምን ይደረግ? በራሱ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው መልሱ ጋራዡን መስማት ነው። ዕቃው ቡሬ ላይ የማይገኝ ሞተር ምንም ያህል ቢጎብዝ የቤት ጌጥ ነው። ስለዚህ 150 ሲሲ የሆነውን ተራ ሞተር ገዝቶ ወደ በቅሎነት ማቅረብ ይሻላል። ባለ ሽቦ ቸርኬ ያለውን መምረጥ፤ ድንጋይ ሲመታው ሽቦው ይስተካከላል፣ ወጥ ቸርኬ ግን ከተሰነጠቀ አበቃ። የአስፋልት ጎማውን ጥርስ ባለው መቀየር። ሰንሰለቱን የሚነዳውን የፊት ጥርስ በአንድ ጥርስ ማሳነስ፤ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ይጨምራል። ከኋላ ጠንካራ የዕቃ መጫኛ ማስበየድ። ትርፍ ከመነዳሪና የፍሪሲዮን ሽቦ ይዞ መውጣት። ይህ ሁሉ ለአፓቺ ከሚጨመረው ብር ብዙውን ጊዜ ያንሳል።

በመንግሥትና በፕሮጀክት ገንዘብ ለሚገዛ ተቋም መልሱ ሌላ ነው። ተቋም ገበያውን የመቀየር አቅም አለው። አንድ ዞን ለጤናውም ለግብርናውም አንድ ዓይነት የገጠር ሞተር መርጦ ቢገዛ፣ ከግዢው ጋር የአምስት ዓመት መለዋወጫና የሁለት መካኒኮች ሥልጠና ቢያስር የዕቃ ችግር ይቀንሳል። በየፕሮጀክቱ የተለያየ ሞተር ማስገባት ግን በየጓሮው የተለያየ ቁርጥራጭ ማከማቸት ነው።

ተቋም ሲመርጥ የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ የነጂው ቁመት። በገጠር ጤና ኤክስቴንሽን የሚሠሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። እግር መሬት የማያስነካ ረጅም ሞተር ሲሰጣቸው ቁልፉ ብዙ ሳይቆይ ወደ አንድ ወንድ ሠራተኛ ኪስ ይገባል፤ ባለሙያዋ ወይ በእግሯ ትሄዳለች፣ ወይ የሰው ፈቃድ ትጠብቃለች። «ለሴት ሞተር አይሆንም» የሚለው ወሬ ከዚህ ይወለዳል። ያልሆነው ግን ግዢው ነው።

«ወጣቱ አፓቺ ቢወድ ምን ይደረግ? ሕይወት ሥራ ብቻ አይደለም» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ ጉግስም ለጨዋታ ነበር። ነገር ግን ጉግሰኛው ፈረሱን ይዞ ገደል አይወርድም ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ልግባበት ለሚልም ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ የሞተር እንቅስቃሴን በፈቃድ የገደበች መሆኗን ማስታወስ ይገባል። በክልሉም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ሞተርና ባጃጅ ለቀናት የታገዱበት፣ ዋናው መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። አስፋልቱ ሲዘጋ የሚቀረው የገጠሩ መንገድ ነው። «እኔ ከአስፋልት አልወጣም» ብሎ የገዛ ሰው ሳያስበው ከአስፋልት ወጥቷል።

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ ከዋጋው ላይ መነሳት ያለበት የመጀመሪያ ብር የሄልሜት ነው፤ ለሁለት ሰው። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል የታሰረ ሄልሜት የመሞት አደጋን በ40 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይናገራል። ለተለጣፊና ለጌጥ መብራት የሚተርፈው ብር ለሚስትና ለልጅ ጭንቅላት አይጠፋም።

አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ከሞተር የሚጠበቀውም ይኸው ነው፤ ማድረስ። ጅጋ ላይ ሞተር የሚገዛ ሰው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት የሚሄድበትን መጥፎ መንገድና የሚጠግንለትን መካኒክ ቆጥሮ ይምጣ። የሚያደርሰው ሞተር የትኛው እንደሆነ ያኔ ራሱ ያውቀዋል።