ሳይፈትሹ አለመዝጋት

የሽንት ፊኛ ከማሕፀን ፊት ለፊት ተጠግቶ የሚገኝ አካል ነው። ስለሆነም በቀዶ ሕክምና ሲዋለድም ሆነ ማሕፀን በሚወጣበት ጊዜ ሳይታሰብ ሊቀደድ ይችላል። በተለይ ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና በቀረ ጠባሳ ፊኛው ከማሕፀን ጋር ተጣብቆ ከሆነ፣ የሠለጠነ እጅም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም።

ጉዳቱ እዚያው ከታወቀ መፍትሔው ብዙውን ጊዜ አስቸጋሪ አይደለም። ቀዳዳው በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ በሚጠፋ ክር በድርብ ይሰፋል፤ ፊኛው እንዲያርፍም ሽንት በአብዛኛው ከ7 እስከ 14 ቀናት በካቴተር እንዲወርድ ይደረጋል። ጥርጣሬ ካለ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በካቴተር ወደ ፊኛው አስገብቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱን መመልከት ይቻላል።

ሳይታወቅ ከታለፈ ግን ሽንት ወደ ሆድ ዕቃ ሊፈስ፣ ወይም ፊስቱላ ተፈጥሮ ሴቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ሊያቅታት ይችላል። በአገራችን ፊስቱላ ሲነሣ የሚታሰበን የተራዘመ ምጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው የታገሉትም በዋናነት ይህንኑ ነበር። ቀዶ ሕክምና በተስፋፋ ቁጥር ግን ከእርሱ የሚመጣውንም ማሰብ ይገባል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለታማሚ ብቻ የተነገረ አይመስለንም። ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ፊኛውን መፈተሽ ልማድ፣ የደረሰውንም ለታካሚዋ በግልጽ መንገር ግዴታ ሊሆን ይገባል። ነገ ቀዶ ሐኪም የምትሆኑ ተማሪዎች ይህን ልማድ ከወዲሁ ትይዙት ዘንድ አደራ እንላለን።