ካርዱን የሣለችው ሴት

የግድግዳ ጌጥ በሚሸጥበት ገበያ ሁሉ ዛሬ ታሮት የተባለው የዕድል ማስነገሪያ ካርድ ሥዕል አይጠፋም። ፀሐይዋ፣ ጨረቃዋ፣ ፍቅረኞቹ ከትንሿ ካርድ ላይ ተነሥተው፣ ጎልተው፣ በወረቀት ወይም በሰፊ ጨርቅ ታትመው ሳሎንና መኝታ ቤት ይሰቀላሉ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ዕጣ ፈንታቸውን ለማወቅ አይደለም የሚገዟቸው፤ ስላማሯቸው ነው። እኔም ያምሩኛል። የሚቆጨኝ ሰው እነዚህን ሥዕሎች ሠዓሊ እንደሌላቸው አድርጎ መያዙ ነው።

ሠዓሊዋ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ትባላለች። በ1878 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ተወለደች፤ ልጅነቷን በማንችስተርና በጃማይካ አሳለፈች፤ ሥዕልን ብሩክሊን ተማረች። ስመ ጥሩው ፎቶ አንሺ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ኒውዮርክ በነበረው ጋለሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፎቶግራፍ ውጭ የሆነ ሥራ ያሳየው በ1907 ሲሆን፣ የመረጠውም የእሷን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አርተር ኤድዋርድ ዌይት የተባለ የምሥጢራዊ ትምህርቶች ጸሐፊ 78 ካርዶች አሣላት። በጥቂት ወራት ጨረሰችው። ያን ጊዜ ለስቲግሊትዝ በላከችው ደብዳቤ ትልቅ ሥራ በትንሽ ገንዘብ መሥራቷን ገልጻለታለች። ዓለም ግን ካርዶቹን ያወቃቸው በአሳታሚውና በዌይት ስም፣ «ራይደር ዌይት» ተብለው ነው።

ምን እንደሠራች ለመረዳት ከእሷ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። የታሮት ጥቅል 22 ዋና ዋና ካርዶች አሉት፤ እነዚህ ድሮም ባለ ሥዕል ነበሩ። የቁጥር ካርዶቹ 40 ናቸው፤ ከጥቂት በስተቀር በቀደሙት ጥቅሎች ሁሉ እንደ ተራ መጫወቻ ካርታ አምስት ሰይፍ ወይም ስድስት ዋንጫ ተደርድሮ ከማሳየት አያልፉም ነበር። ስሚዝ አብዛኞቹ ላይ ሰው አስገባች። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ዌይት ጠበቅ ያለ መመሪያ የሰጣት በዋናዎቹ ላይ እንደሆነና የቁጥሮቹን በአብዛኛው ለእሷ እንደተወላት ያምናሉ።

የሳንቲም አምስትን ተመልከቱ። ሌሊት ነው፤ በረዶ ይጥላል። አንዲት ሴት ባዶ እግሯን፣ በተቀዳደደ ልብስ ተከናንባ አቀርቅራ ትሄዳለች። ከኋላዋ ራሱ በጨርቅ የታሰረ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ያንጠለጠለ ሰው በክራንች ይከተላታል። ከበላያቸው የቤተ ክርስቲያን የሚመስል ባለቀለም መስኮት በርቷል፤ አምስቱ ሳንቲሞች ያሉት እዚያ መስታወት ላይ ነው። መስኮት ሣለች፤ በር ግን አልሣለችም። በመዳፍ በምትያዝ ወረቀት ላይ ድህነት እንዲህ ሲነገር ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሰው የሚፈራው የሞት ካርድም ቀረብ ብለው ሲያዩት ሌላ ነው። ጥቁር የጦር ልብስ የለበሰ አፅም በነጭ ፈረስ ይመጣል። ንጉሡ ወድቋል፣ ጳጳሱ ይማጸናል፣ ልጃገረዲቱ ፊቷን አዙራለች፤ ሕፃኑ ቀና ብሎ ያየዋል። ከኋላ ግን በሁለት ማማዎች መካከል ፀሐይ አለች።

የእኛ አገር ሰው «ዓለም» የተባለውን ካርድ ቢያይ በአራቱ ማዕዘናት የሚያውቃቸውን ያገኛል፦ ሰው፣ ንስር፣ ላም፣ አንበሳ። ኅዳር 8 ቀን የምናከብራቸው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የተሣሉት አርባዕቱ እንስሳ ናቸው። ምንጩ አንድ ነው፤ ሕዝቅኤልና የዮሐንስ ራእይ። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን ሲጀመር የመኳንንት የካርታ ጨዋታ ስለነበር ምስሎቹን የቀዳው በዙሪያው ከነበረው የክርስቲያን ዓለም ነው። ለሚላኖ መስፍኖች በወርቅ የተሠሩት ካርዶች ከፊሎቹ ዛሬም በኒውዮርኩ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት አሉ። ታሮትን ከጥንት ግብፅ ምሥጢር ጋር ያያያዘው በ1781 ፈረንሳዊው ኩር ደ ዠብላን ነው፤ ያን ጊዜ የግብፅን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው ገና አልነበረም፤ ሻምፖሊዮን የፈታው በ1822 ነው። በካርድ ዕድል ማስነገርን አልደግፍም። ሥዕሉን እንደ ሥዕል ማየት ግን ጥንቆላ አይደለም።

ስሚዝ በ1911 ካቶሊክ ሆነች፤ ኋላ እንግሊዝ ውስጥ ኮርንዎል ገብታ ኖረች። በ1951 ስትሞት ያላት ንብረት ለዕዳዋ ተሸጠ። የተቀበረችውም ምልክት በሌለው መቃብር ነው ይባላል።

በብሪታንያና በአውሮፓ ኅብረት የሠዓሊ መብት የሚጠበቀው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ነው፤ የእሷ በ2021 መጨረሻ አለቀ። አሁን እዚያ የመጀመሪያውን ሥዕል ማንም አትሞ ቢሸጠው የሚጠይቀው የለም። የሥዕሉ መብዛት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በዚህም አልከፋም፤ ሥዕል ይታይ። ገንዘብ መክፈል ቢቀር ስም መጥራት ግን ለምን ይቀራል? ስሚዝ የስሟን ሦስት መነሻ ፊደላት እንደ ሐረግ አጠላልፋ በየካርዱ ላይ ትታለች። ሥዕሉን ለግድግዳ የሚያጎሉት ዳሩን ሲቆርጡ ብዙ ጊዜ ይህችም ምልክት አብራ ትቆረጣለች።

እንግዲህ የምትገዙ ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት የሥዕሉን ታችኛ ጥግ እዩ፤ ፊደሏ ያለበትን ምረጡ። የምታትሙና የምትሸጡም ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ሠዓሊ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ፣ 1909።