ከዓሣው አስቀድሞ የዓሣው ግጦሽ

አስተዋይ ገበሬ በሬ ከመግዛቱ በፊት ግጦሹን ይመለከታል። መስኩ ደርቆ ሳለ በሬ ነድቶ ቢያመጣ ገንዘቡን ከእንስሳው ጋር አብሮ እንደሚቀብረው ያውቃል። ይህን ዕውቀት ከአባቱ የወረሰው ስለሆነ መምህር አያስፈልገውም። ወደ ዓሣ እርባታ በመጣን ጊዜ ግን ይህ የቆየ ጥበብ ከእጃችን የሚያመልጥ ይመስላል። ስለ ኩሬው ቁፋሮ፣ ስለ መረቡና ስለ ጫጩቱ ቁጥር አብዝተን እንነጋገራለን፤ ጫጩቱ ምን በልቶ እንደሚያድግ የምንጠይቀው ግን ኩሬው ከተቆፈረና ጫጩቱ ከተለቀቀ በኋላ ነው። ተቆፍረው የተተዉ ኩሬዎች በአገራችን እንግዳ ያልሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ነገር ዛሬ ያነሣነው የወሎውን ሐይቅ በማሰብ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተኛው ይህ ውኃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። በዳርቻው በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ስሙ የገነነው የእስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል፤ ከሩቅ አገር የመጡ ደቀ መዛሙርት ተምረውበት ወጥተዋል። እንግዲህ ስፍራው የትምህርት ስፍራ ነው። ዛሬም ለሐይቅና ለአምባሰል ወጣቶች ሥራ ሲታሰብ የዓሣ እርባታ ስሙ ሳይነሣ አይቀርም። እኛም የምንለው፣ ይህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ትንሽ ትምህርት ይቅደም ነው።

ትምህርቱ ስለ ውኃ ሣር ነው። ሣር ስንል በዳር የሚበቅለውን ቄጤማና ደንገል ማለታችን አይደለም። በውኃ ውስጥ ተበትኖ የሚኖር፣ ያለ ማጉያ መነጽር ለብቻው የማይታይ፣ በበዛ ጊዜ ግን ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርግ ደቃቅ ፍጥረት አለ። ፈረንጆች አልጌ ይሉታል፤ በእኛ የሳይንስ መጻሕፍት ዋቅላሚ ተብሏል። ሣር ከፀሐይና ከመሬት ኃይል አግኝቶ ላምን እንደሚያበላ ሁሉ፣ ዋቅላሚም ከፀሐይና በውኃ ከቀለጠው ንጥረ ነገር ምግብ ሠርቶ ደቃቅ የውኃ ነፍሳትን ያበላል፤ እነርሱም ዓሣን ያበላሉ። የሐይቅ ሀብት ሁሉ መሠረቱ ይህ የማይታይ መስክ ነው።

ይህን እውነት ለንግድ ያዋሉት ሰዎች በባሕር ዳር የሚኖሩ የሽሪምፕ አርቢዎች ናቸው። ሽሪምፕ ቅርፊት ለባሽና ብዙ እግር ያለው የባሕር ፍጥረት ሲሆን በእስያና በደቡብ አሜሪካ በኩሬ እየረባ ለዓለም ገበያ ይቀርባል። ጃፓናዊው ሊቅ ሞቶሳኩ ፉጂናጋ እ. ኤ. አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ሽሪምፕን በቤተ ሙከራ ለማራባት በተነሡ ጊዜ ከባድ ሆኖ ያገኙት እንቁላሉን ማስፈልፈል አልነበረም፤ የተፈለፈለውን ማሳደግ ነበር። እጩ በመጀመሪያ ከእንቁላሉ ይዞት በወጣው ስንቅ ይኖራል። ስንቁ ሲያልቅ አፉ ይከፈታል፤ በዚያች ሰዓት ለአፉ የሚመጥን ሕያው ዋቅላሚ ካላገኘ ይሞታል። ፉጂናጋ ስኬሌቶኔማ የተባለውን ዋቅላሚ በመመገብ እጩን ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ፤ የሥራቸውንም ውጤት እ. ኤ. አ. በ1942 አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የሽሪምፕ ማስፈልፈያ የከፈተ ሁሉ ከሽሪምፑ አስቀድሞ ዋቅላሚውን በማሰሮና በገንዳ ያበቅላል።

ሽሪምፑ ካደገም በኋላ ዋቅላሚ ጥቅሙ አይቀርም። የሽሪምፕ ፋብሪካ መኖ ለብዙ ዘመን የተመሠረተው ከባሕር በተጠመዱ ትናንሽ ዓሦች ዱቄት ላይ ነው። ዱቄቱ ውድ ነው፤ ባሕሩንም ያራቁታል። ስለዚህ የደረቀ ዋቅላሚ በጥቂት በጥቂቱ ከመኖው ጋር ይቀላቀላል። ፕሮቲንና ጠቃሚ ቅባት ይሰጣል፤ ገዢ የሚወደውን ቀይ ቀለም የሚያመጣው ንጥረ ነገርም ከእርሱ ይገኛል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዋጋው ገና ከፍ ያለ ስለሆነ በመኖ ውስጥ የሚገባው እንደ ቅመም ነው እንጂ እንደ እንጀራ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለሐይቅ ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። የጨው ባሕር ሽሪምፕ በወሎ ደጋ አይረባም፤ ይርባ ብሎ የሚመክርም ካለ የመንግሥትን ገንዘብ ሊያባክን ነው። ከሽሪምፕ አርቢው የምንወስደው እንስሳውን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው። እንዲያውም የእኛ ዕድል ከእርሱ የተሻለ ነው። ሽሪምፕ ዋቅላሚን በዋናነት የሚፈልገው በሕፃንነቱ ሲሆን፣ የእኛ ቆሮሶ ግን ካደገም በኋላ ዋቅላሚን እየለቀመ መኖር ይችላል። የሆዱ አሲድ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ሌሎች ዓሦች የማይፈጩትን ዓይነት እንኳ ይፈጫል። በዓሣ እርባታ ከወጪው ግማሹን ያህል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የበለጠውን የሚበላው መኖ ነው። እንግዲህ ውኃው ራሱ መኖ ቢያበቅል ለድኻ ማኅበር ምን ያህል እፎይታ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በዋቅላሚ በኩል አገራችን ባዶ አይደለችም። በቢሾፍቱ አጠገብ የሚገኘው የአረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው፤ በሻላ አጠገብ ያለው ጪቱም እንዲሁ አረንጓዴ ነው። በሁለቱም ሐይቆች ተመራማሪዎች በብዛት አግኝተው ያጠኑት ዋቅላሚ ስፒሩሊና ይባላል። ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። በቻድ የካኔም ሴቶች ከውኃ ላይ ሰብስበው፣ በፀሐይ አድርቀው ዲሄ ብለው ይበሉታል። ሆኖም ስፒሩሊና የሶዳ ውኃ ወዳጅ ነው፤ የሐይቅ ውኃ ደግሞ ለጋ ነው። በሐይቅ ለማብቀል የሚሻ በተለየ ገንዳ፣ በሶዳ በተዘጋጀ ውኃ፣ ባለሙያ እየተቆጣጠረው መሆን አለበት። ይህ ለምርምር ጣቢያ የሚስማማ ሥራ ነው። ወጣቱ ማኅበር ግን በቀላሉ ይጀምር።

ቀላሉ መንገድ አረንጓዴ ኩሬ ነው። ፀሐይ በሚያገኝ ስፍራ ኩሬ ተቆፍሮ ውኃ ከተሞላ በኋላ የከብት ወይም የዶሮ ፍግ በመጠን ይጨመርበታል። ፍጉ ለዓሣው ሳይሆን ለዋቅላሚው ነው። ውኃው አረንጓዴ እስኪሆን መታገሥ፣ ጫጩቱንም ከዚያ በኋላ መልቀቅ ይገባል። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። ክንድን ዘርግቶ መዳፍን ወደ ውኃው ማጥለቅ ነው። ውኃው ክርን ላይ ሲደርስ መዳፍ ከዓይን ከተሰወረ ልኩ ነው። ከክርን አልፎም መዳፍ ከታየ ግጦሹ ቀጭን ነው፤ ፍግ ይጨመር። ክርን ሳይደርስ ገና ከተሰወረ ግን በዝቷልና ፍጉ ይቁም። ዋቅላሚ ቀን አየር ቢሰጥም ሌሊት እርሱም ይተነፍሳል፤ እጅግ ሲበዛ የውኃውን አየር ይጨርሰዋል። ማለዳ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ሲታዩ አዲስ ውኃ ማስገባት ያስፈልጋል። ፋጉሎና ፍሩሽካ ቢገኝ በዚህ ላይ ይጨመራል። ሐይቅ ደጋ ቀመስ ስለሆነ ቆሮሶ እንደ ቆላው ፈጥኖ አያድግም፤ ትርፉን በወራት ቸኩሎ ቃል መግባት አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ለመጨረሻ አስቀምጠነዋል። በኩሬ የሚመሰገነው አረንጓዴነት በሐይቁ ላይ አደጋ ነው። ቆሮሶ ወደ ሐይቅ የገባው እ. ኤ. አ. በ1978 ገደማ በሰው እጅ ነው። ለሕዝቡም ምግብና ሥራ ሰጥቷል። ነገር ግን እነ ኤልሳቤጥ ከበደ እ. ኤ. አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀድሞ እጅግ ጥሩ የነበረው ውኃ መደፍረሱንና ዋቅላሚው መብዛቱን አመለከቱ። ምክንያቱን ሲመረምሩም፣ አዲሱ ዓሣ ዋቅላሚውን ይግጡ የነበሩትን ደቃቅ ነፍሳት ስለበላቸው ሳይሆን እንደማይቀር ገለጡ። አንድ መልካም ሐሳብ ያልታሰበ ነገር ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። በቆቃ ደግሞ ማይክሮሲስቲስ የተባለው መርዛም ዓይነት ውኃውን ሸፍኖ ታይቷል፤ መርዙ ጉበትን ይጎዳል። ቆቃ እንኳ አዋሽ ገብቶ የሚወጣበት ነው። ሐይቅ ግን የሚገባበት እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ፍግ፣ ማዳበሪያና የከተማ ቆሻሻ አንድ ጊዜ ከገባበት መሄጃ የለውም፤ እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ ኩሬው ከሐይቁ ራቅ ብሎ ይቆፈር፤ ያገለገለው ውኃም ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ጎመንና ወደ ሽንኩርት መደብ ይፍሰስ። ለአትክልቱም ፍግ ይሆነዋል።

ወጣት ሹም ሆይ፣ የዓሣ እርባታ ዕቅድ ለፊርማ ሲቀርብልህ የጫጩቱን ቁጥር ከማየትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ምን ይበላሉ? ውኃው ወዴት ይፈስሳል? ማለዳ እየተነሣ ኩሬውን የሚያይ ማን ነው? መልሱ ካልተጻፈ ወረቀቱን መልስ፤ ይህን በማድረግህ ሥራ አደናቀፍህ አትባልም፤ አዳንህ እንጂ። ተማሪም ሆይ፣ በማጉያ መነጽር ያየኸው አረንጓዴ ነጥብ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንድ ጠብታ ከመንደርህ ኩሬ ወስደህ ተመልከት፤ ስሙንና ዓይነቱን ለይ፤ ደጉን ከመርዛሙ ማወቅ ለሰፈርህ የምትከፍለው ውለታ ነው። በሰበታና በባሕር ዳር ያሉት የዓሣ ምርምር ማዕከሎችም ጠያቂ ሲመጣላቸው ነው ዕውቀታቸው ከመደርደሪያ የሚወርደው።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። ይህ ቃል ለኩሬም ይሠራል። ግጦሹን ያላየ በሬ አይግዛ፤ ውኃውን አረንጓዴ ያላደረገ ዓሣ አይልቀቅ፤ ሐይቁን አረንጓዴ የሚያደርግ ግን ከቶ አይፈቀድለት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ መጠየቂያው ጊዜ ገና አንድ ዶማ መሬት ሳይነካ ነው።