«አልቋል» የሚለው ቃል ብቻውን አይታመንም

እንደሚታወቀው፣ በዛሬው ጊዜ የመምህርነት ሥራ በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የሚሠራ አይደለም። የተማሪ ውጤት፣ የትምህርት ዕቅድ፣ የልምምድ ማስታወሻ፣ ሁሉም በኮምፒዩተርና በስልክ ነው የሚቀመጠው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ግን መንገድ ላይ የሚቀረው ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት የ42 ሕፃናትን የንባብ ሁኔታ ለስድስት ሳምንት መዘገብኩ። ማን ፊደል ይለያል፣ ማን ቃል ላይ ይደናቀፋል፣ ማን እርዳታ ያሻዋል፣ ሁሉም ስልኬ ላይ ነበር። ለማተም ፒያሳ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ከስልኬ ወደ ፍላሼ «ከት» አድርጎ አዛወረው። ኮምፒዩተሩ መጨረሱን አሳየ። «ወንድሜ፣ አልቋል፤ ማተሚያው ወረፋ አለበት፣ ነገ ና» ብሎ ፍላሹን ነቅሎ ሰጠኝ። ማታ ዶርም ስከፍተው የፋይሎቹ ስም አንድ ሳይቀር አለ፤ መጠናቸው ግን 0 ባይት! ስልኬም ባዶ ነው።

ጓደኞቼ «ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ለምን ቅጂ አልያዝክም?» አሉኝ። ግማሹን በግለ ሂስ እቀበላለሁ። ግማሹ ግን የፕሮግራሙ ነው። ፋይል ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ሲዛወር ሥራው ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ይገለበጣል፣ ቀጥሎ ዋናው ይሰረዛል። ጥሩ ፕሮግራም ግልባጩ በትክክል መድረሱን ሳያረጋግጥ ዋናውን አይነካም። መጥፎው ግን ስሕተት ሲያጋጥመው ዝም ብሎ ያልፍና «ተጠናቋል» ይላል። አንዳንዴም መረጃው ገና በጊዜያዊ ማኅደር ላይ ሳለ ነው መጨረሱን የሚያውጀው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ!

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጥቅምት 2007) አፕል ኩባንያ «ሊዮፓርድ» የተባለውን ሥርዓት ሲያወጣ፣ ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ በሚዛወርበት ጊዜ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ዋናውም አብሮ ይጠፋ ነበር። ማረሚያው የወጣው በሚቀጥለው ወር ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከመስከረም 15 እስከ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ባለው ጊዜ 15,841 የኮሮና ሕመምተኞች ከዕለታዊው ሪፖርት ቀርተዋል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የላቦራቶሪ ውጤቱ የሚዛወርበት የቀድሞው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ አይችልም፤ ትርፉ ሳይገባ ቀረ። ከሕመምተኞቹ ጋር የተነካኩትን ሰዎች መፈለግም ዘገየ። እንግዲህ ዝም ያለ ስሕተት ጉዳቱ እስከዚህ ይደርሳል።

የእኛን ቁም ጸሐፊዎች እንመልከት። ብራናው ከተጻፈ በኋላ ከአብነቱ ጋር ይነጻጸራል፤ የተሳሳተው ይፋቃል፣ የተዘለለው በመስመር መካከል ይገባል። ግልባጩ ሳይታረም አብነቱን የሚያቃጥል ጸሐፊ ግን ሰምቼ አላውቅም። ብርዕ የያዘ ሰው ያወቀውን ጥንቃቄ ኮምፒዩተር ይዘን እንዴት እንረሳዋለን?

ስለዚህ ሠልጣኞች፣ «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» እናድርግ። ግልባጩን በሌላ ኮምፒዩተር ከፍተን፣ ቁጥሩንና መጠኑን አይተን፣ ዋናውን ከዚያ በኋላ እንሰርዝ። ፍላሽም በሥርዓቱ ሳይወጣ አይነቀል።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። በኮምፒዩተር ትምህርት ፋይል እንዴት እንደሚዛወር ተምረናል፤ ማዛወሩ ሲከሽፍ ምን እንደሚመስል ግን አላየንም። አንድ ቀን ለሙከራ በተዘጋጀ ፋይል ላይ ፍላሹን በመሐል ነቅለን ፕሮግራሙ እውነቱን ይናገር ወይም ይዋሽ እንደሆነ ብናይስ? ነገ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ከእኛ እጅ ይወጣ ይሆናል። «አልተሳካም፣ ይህ ፋይል ቀርቷል» ብሎ በግልጽ መናገር ነውር አለመሆኑን ከእኛ ይማር።

እኔ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሼ ልጆቹን እንደገና አስነብቤአለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ያነቡ እንደነበር ግን ዛሬ ማንም መልሶ ሊለካው አይችልም።