ሞልቶ የማያውቅ ጉድጓድ



አንዳንድ የቤት ባለቤት ግቢውን ለተከራይ ሲያሳይ «ሽንት ቤቱ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም» ይላል፤ ያውም ኮራ ብሎ። ታዲያ የሃያ ዓመቱ ፍሳሽ የት ገባ? መሬት ውስጥ ነዋ!

የሴፕቲክ ታንክ ወግ ሌላ ነው። ግድግዳውና ወለሉ ውሃ እንዳያሳልፍ ተለስኖ ይሠራል፤ ዝቃጩ ከታች ይረጋል፤ ፈሳሹ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ አልፎ በአፈር ይጣራል። ዝቃጩም በየጥቂት ዓመቱ በመኪና ይመጠጣል። ወለሉ ያልተለሰነ ጉድጓድ ግን ስሙ ታንክ ቢባልም ወንፊት ነው።

ድሬዳዋን እንውሰድ። ከተማይቱ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከሥሯ ያለው አሸዋማ ደለልና የኖራ ድንጋይ ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል፤ የቤት ፍሳሹም በአብዛኛው በየግቢው ጉድጓድ ይገባል። በከተማው ካሉ የውሃ ጉድጓዶች ናይትሬት ከዓለም የጤና ድርጅት ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው አሉ። ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም። ማፍላትም አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ላይ ይበረታል። በዚህ ውሃ የተበጠበጠ ወተት በጡጦ የሚጠጣ፣ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደሙ ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው፣ ከንፈሩም ሊጠቁር ይችላል።

በመድረሳ የጠሃራን ምዕራፍ የቀራን ሁሉ፣ ብዙ ውሃ ነጃሳ ቢገባበትም ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው እስካልተለወጠ ድረስ ንጹሕ መሆኑን እናውቃለን። ይህ የዉዱእ ሕግ ነው፤ የጡጦ ሕግ አይደለም። ለዉዱእ የበቃ ውሃ ለሕፃኑ ላይበቃ ይችላል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ጥቂት አይደለም።

ፉቀሃእ የውሃ ጉድጓድን በሌላ በር ጠብቀውታል፤ «ሐሪም» ይሉታል፤ ሌላ ሰው የማይቆፍርበት ዙሪያ ክልል ማለት ነው። በሐነፊዮች ዘንድ በየአቅጣጫው 40 ክንድ ነው፤ ዑስማኒያዎች ከ1869 እስከ 1876 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት መጀሌም ገብቷል። ይህ ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። ዛሬ በመጸዳጃና በውሃ ጉድጓድ መካከል በተለምዶ የሚመከረው 30 ሜትር ነው። ናይትሬት ግን ከተሕዋስያን ይልቅ ሩቅ ስለሚጓዝ፣ በሰፈሩ ስንት ጉድጓድ እንዳለም መቆጠር አለበት።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለን። ችግሩ ከወረቀቱ በታች ነው። ወለሉ ሳይከደን በፊት ተቆጣጣሪ ካላየው፣ ከተከደነ በኋላ ማን ያየዋል? ማስመጠጡም ለድሃ ቤት ከባድ ወጪ ነው፤ ቅጣት ብቻ ከመጣበት በሌሊት ወደ ቦይ ይለቀዋል። ስለዚህ ክፍያው ከውሃ ሒሳብ ጋር በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢሰበሰብ ይሻላል ባይ ነኝ። መጣጩ መኪናም የሚደፋበት ቦታ ይታወቅ፤ አለዚያ ነጃሳውን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ማዛወር ይሆናል።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። በጁሙዐ ዕለት መቶዎች የሚገለገሉበት መጸዳጃ ወለሉ ተለስኖ እንደሆነ፣ ከውሃ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሚርቅና መቼ እንደተመጠጠ በመዝገብ ይያዝ፤ ጀማዐውም ሲጠይቅ ይነገረው።