የፈረንጅ በሽታ ነው አሉን

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ በሬዲዮ ቀርበው፣ የአእምሮ ጭንቀት የፈረንጅ በሽታ መሆኑን አስረዱን። የጂምናስቲክ ኮከቧ ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በጭንቀት ውድድር ማቋረጧንም አንስተው ሳቁ። የእኛ ልጆች በችግር ተፈትነው ስላደጉ ጭንቀት አይነካቸውም፤ ማስረጃው ሜዳሊያው ነው ተባልን። ጋዜጠኛውም አብሮ ሳቀ። (የሳቁባት ልጅ አርፋና ታክማ ፓሪስ 2024 ላይ ሦስት ወርቅ መውሰዷን ያነሳ የለም።)

እሺ፣ ሜዳሊያ ያላገኙትስ? በቆጂ ላይ ጎህ ሳይቀድ ከሚሮጠው ልጅ ሁሉ ቀነኒሳ የሆነው አንድ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ደብተሩን ጥሎ አዲስ አበባ የገባው፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ፍራሽ የሚጋራው፣ የተረከዝ ጅማቱ ሲታመም ማናጀሩ ስልክ የማያነሳለት ልጅስ? እሱን ስቱዲዮ የጠራው የለም። ያሸነፈን ብቻ እየጠየቁ ሁሉም ደህና ነው ማለት፣ የተሻገረውን ብቻ ቆጥሮ ወንዙ ሰው አይወስድም እንደማለት ነው።

ያሸነፈውስ ቢሆን? ሳሙኤል ዋንጂሩ ፈረንጅ አልነበረም፤ ጎረቤታችን ኬንያዊ ነው። በድህነት አደገ። ገና በ15 ዓመቱ ለሩጫ ሲባል ጃፓን ተላከ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ፣ በሙቀት፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ሲያሸንፍ ዕድሜው 21 ነበር። የእኛው ፀጋዬ ከበደ ሦስተኛ የወጣበት ውድድር ስለሆነ ተንታኛችን ሳያዩት አይቀሩም። ከዚያ ገንዘቡ መጣ፤ መጠጡና የቤት ውስጥ ጠቡም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከቤቱ ሰገነት ወድቆ ሞተ፤ 24 ዓመቱ ነበር። እንዴት ወደቀ የሚለው ዓመታት አከራክሯል። እንዴት እንደሚያሸንፍ ያስተማረው ብዙ ነው፤ ካሸነፈ በኋላ እንዴት እንደሚኖር የነገረው ማን ነበር?

የተንታኛችን ልጆች ግን፣ ካልተሳሳትኩ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በሰርቪስ ነው፤ ማታም አስጠኚ አይጠፋቸውም። ችግር ሻምፒዮን እንደሚያደርግ ከልባቸው ካመኑ፣ ነገ ደብተራቸውን ነጥቀው እንጦጦ ያውጧቸዋ!

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እግሩን የሚያሽለት ወጌሻ የሚመደብለት ልጅ፣ የሚያዋየው የሥነ ልቦና ባለሙያም ይኑረው። ማሠልጠኛ የገባ ታዳጊም ትምህርቱን አይጣል።

አንተም ጋዜጠኛው ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ፕሮግራምህ ሩጫ ያቆመ ልጅ ጋብዝልን።